የቤዝቦል ልውውጥ፣ ውልና ጉድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የጨዋታውን ሕግ ባታውቁትም ችግር የለም።

የቤዝቦል ልውውጥ ከእግር ኳስ ዝውውር በምን ይለያል?

በእግር ኳስ ገዢው ክለብ ለሻጩ ገንዘብ ይከፍላል። ከዚያ ከተጫዋቹ ጋር ተቀምጦ ደመወዝ ይደራደራል። ተጫዋቹ እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በአሜሪካ ቤዝቦል ግን የተለመደው ሰውን በሰው መለወጥ ነው። አንዱ ክለብ ጥሩ መቺ ይሰጣል፣ ሌላው በምትኩ ሁለት ወጣት ፒቸሮች ይሰጣል። ፒቸር ማለት ኳስ ወርዋሪው ነው። ገንዘብ ሊመረቅበት ይችላል፣ ዋናው ግን ሰው ነው።

ውሉም አብሮ ይሄዳል። አዲሱ ክለብ የቀረውን ዓመትና የቀረውን ደመወዝ እንዳለ ይረከባል። አዲስ ፊርማ፣ አዲስ ድርድር የለም። ማክሰኞ ቦስተን ያደረ ሰው ረቡዕ ማታ በሂዩስተን ማሊያ ሊታይ ይችላል። ገበያው የሚዘጋው ውድድሩ ሳያልቅ፣ በጁላይ መጨረሻ ገደማ ስለሆነ፣ ያን ሰሞን የተጫዋቾች ስልክ በጮኸ ቁጥር ልባቸው ይዘላል።

ተጫዋቹ አልሄድም ማለት ይችላል?

አብዛኛው አይችልም። መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሲፈርም «ያለ ፈቃዴ አልለወጥም» የሚል አንቀጽ ማስገባት ነው። ይህን የሚያገኙት ትልልቆቹ ናቸው። ሁለተኛው፣ በሊጉ 10 ዓመት የቆየና የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ሰው እምቢ የማለት መብት አለው።

ይህ ሁለተኛው መብት የመጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከርት ፍለድ የሚባል ሰው ክለቦቹን ፍርድ ቤት ከገተረ በኋላ። እሱ ራሱ አልደረሰበትም። ታሪኩ ከታች አለ።

ተጫዋቾች መለወጣቸውን የሚሰሙት እንዴት ነው?

በደንቡ አሠልጣኙ ወይም የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ጠርቶ ይነግራቸዋል። በተግባር ግን ከተመልካች የሚሰሙም አሉ። ጁላይ 29 ቀን 2015 የኒውዮርክ ሜትሱ ዊልመር ፍሎሬስ ሜዳ ላይ እያለ ወሬው በስልክ ተሰራጨ፦ ወደ ሚልዋኪ ተለውጧል። ሊመታ ሲወጣ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ልጁ ግራ ገባው። ቬኔዝዌላዊ ነው፣ በ16 ዓመቱ ፈርሞ ከገባ ወዲህ ሌላ ክለብ አያውቅም። ተመልሶ ሜዳ ሲገባ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ነበር። አሠልጣኙ ለምን እንደሚያለቅስ እንኳ አልሰማም።

ልውውጡ ያን ሌሊት ፈረሰ። ከሁለት ቀን በኋላ ሜትስ ከዋሽንግተን ናሽናልስ ጋር ተጋጠመ። ጨዋታው እስከ 12ኛው ዙር ተጎተተ። ጨዋታውን የዘጋው ሆም ራን፣ ኳሷን ከሜዳው ውጭ ያወጣው ምት፣ የማን ይመስላችኋል? የፍሎሬስ። ሮጦ ሲመለስ ደረቱ ላይ የተጻፈውን የክለቡን ስም በእጁ ጨምድዶ ያዘ። ሜትስ በዚያው ዓመት ለፍጻሜው፣ ለወርልድ ሲሪስ ደረሰ። እኔን ከቤዝቦል ታሪክ አንዲት ትዕይንት ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይቺን ነው የምመርጠው።

ቤብ ሩት እውነት ለቲያትር ማሠሪያ ነው የተሸጠው?

መሸጡ እውነት ነው። የቦስተን ሬድ ሶክስ ባለቤት ሃሪ ፍሬዚ በ1919 መጨረሻ ለኒውዮርክ ያንኪስ በ100 ሺህ ዶላር ሸጠው። ዜናው የወጣው በጃንዋሪ 1920 ነው። ከሽያጩ ሌላ የያንኪስ ባለቤት፣ ቢራ ጠማቂው ጄከብ ሩፐርት፣ 300 ሺህ ዶላር ለፍሬዚ ሊያበድረው ተስማማ። መያዣው ምን ነበር? የቦስተን ስታዲየም፣ ፌንዌይ ፓርክ። ተቀናቃኝህ የሜዳህን ካርታ ኪሱ ከቶት ስትጫወት አስቡት።

ፍሬዚ የቲያትር ነጋዴም ነበር። ሕዝቡ «ለአንድ ሙዚቃዊ ቲያትር ብሎ ሸጠው» ይላል። ያ ቲያትር ግን ብሮድዌይ የደረሰው በ1925 ነው። ፍሬዚ ክለቡን ራሱን ከሸጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ይልቅ የሚታመነው ሌላው ምክንያት ነው። ዕዳ ነበረበት፣ ሩት ደግሞ 10 ሺህ ዶላር ደመወዙን እጥፍ አድርጉልኝ ብሎ አስቸግሮ ነበር። ሩት በአዲሱ ክለብ በመጀመሪያው ዓመት 54 ሆም ራን መታ። የቦስተኑ የመጨረሻ ዓመት 29 ነበር፤ ያም በጊዜው ክብረ ወሰን ነው።

ታዲያ «ርግማኑ» የሚባለውስ?

ቁጥሩን ስታዩት ርግማን ይመስላል። ቦስተን ከ1903 እስከ 1918 ድረስ 5 ጊዜ ዋንጫ በልቷል። ከ1918 በኋላ ለ86 ዓመት አንድም የለም። ያንኪስ ደግሞ ከሩት በፊት አንድም አልነበረውም፣ ዛሬ 27 አለው። ነገር ግን በ1920 ርግማን ያለ ሰው አልነበረም። ቃሉ አፍ የለመደው ቦስተን በ1986 በወርልድ ሲሪስ ከተሸነፈ ወዲህ ነው።

የዚያን ዓመት ጥፋት በቦስተኑ ተጫዋች በቢል በክነር ላይ መለጠፍ ግፍ ነው። አዎ፣ በ6ኛው ጨዋታ ቀስ ብላ የምትንከባለል ኳስ በእግሮቹ መሀል ሾለከችበት። ግን ኳሷ ስትሾልክ ጨዋታው እኩል ሆኗል። መሪነቱን ቀድመው ያስነጠቁት ሌሎች ናቸው። ከዚያም 7ኛ ጨዋታ ነበር፤ እሱንም ተሸነፉ። በ2004 ቦስተን፣ 4 ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ግጥሚያ፣ በያንኪስ 3 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 4 ተከታታይ ጨዋታ አሸነፈ። እንዲህ ያለ ነገር በሊጉ ታሪክ ሆኖ አያውቅም። ከዚያ ዋንጫውን ወሰደ፣ ወሬውም ቆመ።

ከርት ፍለድ ማነው? ለምን ይህን ያህል ይነሳል?

ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ 12 ዓመት የተጫወተ የመሀል ሜዳ ጠባቂ ነው። በመከላከል 7 ጊዜ የወርቅ ጓንት ሽልማት አግኝቷል። በኦክቶበር 1969 አንድ ማለዳ ስልክ ተደወለለት። ደዋዩ የክለቡ ሠራተኛ ነው፦ ወደ ፊላዴልፊያ ተለውጠሃል። አለቀ።

ያኔ ውል ሁሉ አንድ አንቀጽ ነበረበት። ዓመቱ ሲያልቅ ክለቡ ብቻውን ለአንድ ዓመት ማደስ ይችላል። የታደሰውም ውል ያው አንቀጽ አለበት፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይታደሳል። እንዲህ እያለ እስከ ዕለተ ጡረታ። የጋብቻ ውል እንኳ ፍቺ አለው። ፍለድ በዲሴምበር 24 ቀን ለሊጉ ኮሚሽነር ደብዳቤ ጻፈ። እኔ ፍላጎቴ ሳይጠየቅ የምገዛና የምሸጥ ንብረት አይደለሁም አለ። በአማርኛ ብናወራው «የገበያ በሬ አይደለሁም» ነው። ደመወዙ 90 ሺህ ዶላር ነበር፣ በጊዜው ትልቅ ገንዘብ። ብዙ ሰው «ይህን ያህል እየተከፈለው ምን ያማርራል?» አለው። እሱ ግን ጥያቄው የገንዘብ አልነበረም።

ፍርድ ቤት ሲቆም ጃኪ ሮቢንሰን መጥቶ መሰከረለት። ሃንክ ግሪንበርግም መጣ። ሁለቱም ጡረተኞች ናቸው። በጊዜው ከሚጫወቱት ግን ምስክር ሆኖ የቀረበ አንድም ሰው የለም። ፈርተዋል። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 ፈረደበት። የ1970ን ውድድር ሙሉ ሳይጫወት አሳልፏል። በ1971 ለዋሽንግተን ሴኔተርስ 13 ጨዋታ ሞክሮ ተወው፣ ወደ ስፔን ሄደ። ክለቦቹን ከፀረ ሞኖፖል ሕግ የሚጠብቀው ከለላ በተጫዋቾች ጉዳይ የተነሳው በ1998 ነው። አዋጁ የወጣው በፍለድ ስም ነው። እሱ ግን ከዓመት በፊት ሞቷል።

ፍለድ ከተሸነፈ ታዲያ ተጫዋቾቹን ነፃ ያወጣቸው ማነው?

አንዲት ቃል ነች፦ «አንድ ዓመት»። የተጫዋቾች ማኅበሩ መሪ ማርቪን ሚለር ያቺን አንቀጽ ደጋግሞ አነበባት። ክለቡ ውሉን ለአንድ ዓመት ያድሳል ትላለች፤ ለዘላለም አትልም። ስለዚህ አንድ ተጫዋች ሳይፈርም አንዱን ዓመት ተጫውቶ ቢጨርስስ?

በ1975 አንዲ ሜሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ ይህን ሞከሩት። ጉዳዩ ወደ ገላጋይ ዳኛው ፒተር ሳይትስ ሄደ። በዲሴምበር 23 አንድ ዓመት ማለት አንድ ዓመት ነው ብሎ ፈረደ። ክለቦቹም ወዲያው አባረሩት። ፍርዱ ግን አልተነሳም። ከዚያ በኋላ በድርድር 6 ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ፍሪ ኤጀንት ይሁን ተባለ፤ ከፈለገው ክለብ ጋር ይፈርማል ማለት ነው። በ1976 አማካይ ደመወዝ ከ50 ሺህ ዶላር ብዙም አይበልጥም ነበር። ዛሬ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ልውውጥ የቱ ነው?

ሰዉ ቶሎ የሚጠራው የ1964ቱን ነው። ቺካጎ ከብስ ሉ ብሮክን ለሴንት ሉዊስ ሰጥቶ ፒቸሩን ኧርኒ ብሮግሊዮን ወሰደ። ብሮክ በዚያው ዓመት ከካርዲናልስ ጋር ዋንጫ በላ። ሲጨርስ 938 ቤዝ ሰርቆ ነበር (ኳስ ሳይመታ ሮጦ ቀጣዩን ማረፊያ መያዝ ማለት ነው)፣ በ1985 የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ብሮግሊዮ ለከብስ 7 አሸንፎ 19 ተሸነፈ፤ ክርኑ ታሞ ነበር። ግን ያስታውሱ፣ ብሮግሊዮ በቀደመው ዓመት 18 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ነው። ያን ቀን የቺካጎ ጋዜጠኞች አተረፍን ብለው ነበር። የልውውጥ ትችት ሁሌም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ለእኔ ከዚህ የሚብሰው የ1965ቱ ነው። ሲንሲናቲ ፍራንክ ሮቢንሰንን ለ30 ዓመቱ አርጅቷል ብሎ ለባልቲሞር ሰጠው። ሮቢንሰን በ1966 49 ሆም ራን መታ፣ ሦስቱን ዋና የመቺ ማዕረጎች ጠቅልሎ ወሰደ፣ ባልቲሞርንም ለመጀመሪያ ዋንጫው አበቃው። ብሮግሊዮን ክርኑ አሳበቀበት እንበል። ሮቢንሰንን ግን የገፉት በደህና ጤናው ነው።

ጃኪ ሮቢንሰን ለተቀናቃኝ አልጫወትም ብሎ ነው ጡረታ የወጣው?

ታሪኩ ደስ ይላል፣ ግን እንዲያ አይደለም። በ1947 ጥቁሮችን ከሊጉ ያገደውን የቀለም አጥር የሰበረው ሮቢንሰን በዲሴምበር 1956 ከብሩክሊን ዶጀርስ ወደ ዋናው ባላንጣ ወደ ኒውዮርክ ጃያንትስ ተለወጠ። አልሄደም። ሆኖም ጫማ ለመስቀል የወሰነው ልውውጡን ከመስማቱ በፊት ነው። በአንድ የቡና ኩባንያ ኃላፊነት ለመቀበል ተስማምቶ ጨርሷል። ዶጀርስ አላወቁም፤ እሱም አስቀድሞ አልነገራቸውም።

ደመወዙ ከክለቡ ዋጋ የበለጠ ተጫዋች አለ?

አለ። ቶም ሂክስ ቴክሳስ ሬንጀርስን በ1998 የገዛው በ250 ሚሊዮን ዶላር ነው። በ2000 መጨረሻ ለአሌክስ ሮድሪጌዝ የ10 ዓመት የ252 ሚሊዮን ውል ሰጠው። ልጁ አላሳፈረም፣ በ2003 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ክለቡ ግን ሦስቱንም ዓመት ከምድቡ መጨረሻ ነው። ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ተከፍሎ ፒቸር ከየት ይምጣ?

በመጀመሪያ ቦስተን ሊወስደው ነበር። ልጁ ደመወዙን ሊቀንስ ተስማማ፣ የተጫዋቾቹ ማኅበር ግን ለሌላው መጥፎ አርአያ ይሆናል ብሎ ከለከለ። በፌብሩዋሪ 2004 ያንኪስ ወሰደው፣ ቴክሳስም ከቀሪው ደመወዝ 67 ሚሊዮኑን ሊከፍል ተስማማ። በ2010 ሬንጀርስ ኪሳራ ሲያውጅ መያዣ ከሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ዝርዝር አናት ላይ የማን ስም ነበር? የሮድሪጌዝ። ከሄደ 6 ዓመት አልፎት፣ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ገና አልተከፈለውም ነበር።

ቦቢ ቦኒያ ካቆመ በኋላ ለምን በየዓመቱ ይከፈለዋል?

በየጁላይ 1፣ በእኛ ሰኔ 24 ቀን፣ ሜትስ ለቦኒያ 1,193,248 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይልካል። የመጨረሻ ጨዋታው በ2001 ነው። ክፍያው የጀመረው በ2011፣ የሚያልቀው በ2035 ነው፤ ያኔ 72 ዓመቱ ነው። የማያልቅ እቁብ ማለት ይሄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለ2000 ውድድር ሜትስ አልፈልግህም አለው፣ ግን 5.9 ሚሊዮን ዶላር ይቀረው ነበር። አሁን አትስጡኝ፣ በ8 በመቶ ወለድ ይቆይልኝ አለ። ክለቡ ደስ አለው። ባለቤቱ ፍሬድ ዊልፖን ገንዘቡን ከዚያ የሚበልጥ ትርፍ አገኛለሁ ብሎ ያስቀመጠው በርናርድ ማዶፍ ዘንድ ነበር። በ2008 ማዶፍ አጭበርባሪ ሆኖ ተገኘ። 5.9 ሚሊዮኑ ግን ወደ 30 ሚሊዮን ማደጉን ቀጠለ። ሕዝቡ በሜትስ ይስቃል፤ እኔ ግን የማደንቀው ሽማግሌነቱን አስቀድሞ ያሰበውን ሰው ነው።

ኦታኒ 700 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ በዓመት 2 ሚሊዮን ብቻ የሚወስደው እንዴት ነው?

ይህ ደግሞ ዱቤ ነው። ሾሄይ ኦታኒ በዲሴምበር 2023 ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ለ10 ዓመት ፈረመ። በዓመት 70 ሚሊዮን ይደርሰዋል። ከዚያ ውስጥ 68ቱ ይቆያል። የሚከፈለው ከ2034 እስከ 2043 ነው። ከቦኒያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ወለድ የለውም። ከ15 ዓመት በኋላ የሚከፈል ዶላር የዛሬውን ያህል እንደማይገዛ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ሊጉ ደመወዝ ያበዛ ክለብ ለሚከፍለው የቅጣት ግብር ሲያሰላ ውሉን በዓመት 46 ሚሊዮን ገደማ ብቻ አድርጎ ቆጠረው።

ለምን ተስማማ? ከማስታወቂያ የሚያገኘው ሞልቶ የተረፈ ነው፣ ሐሳቡም ክለቡ ሌሎች ተጫዋቾች ይግዛበት የሚል ነው። ክለቡም ገዛበት። በመጀመሪያው ዓመት ኦታኒ 54 ሆም ራን መትቶ 59 ቤዝ ሰረቀ፤ ሁለቱንም ከ50 ያሻገረ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። ዶጀርስ በ2024ም በ2025ም ዋንጫ ወሰደ። ሌሎቹ ክለቦች ያጉረመርማሉ፤ የካሊፎርኒያ ግብር ሰብሳቢዎችም ገንዘቡ ሲከፈል ሌላ ቦታ ቢኖርስ ብለው ይጨነቃሉ። ሕጉ ግን ይፈቅዳል።

ትልቁ ውል የማን ነው? ገደብ የለውም እንዴ?

የሁዋን ሶቶ ነው። በዲሴምበር 2024 ከሜትስ ጋር 15 ዓመት፣ 765 ሚሊዮን ዶላር፣ አንድም ሳንቲም በዱቤ የለም። ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ሶቶን ታውቁታላችሁ፣ በ2019 ናሽናልስ ዋንጫ ሲበላ የ21 ዓመት ልጅ ሆኖ እዚያው ነበር። በ2022 ናሽናልስ 440 ሚሊዮን አቀረበለት። እምቢ አለ። «አብዷል» ያለው ሰው ብዙ ነበር። ክለቡም ወዲያው ለሳንዲዬጎ ለወጠው። ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ 325 ሚሊዮን ጨምሮ ፈረመ።

የደመወዝ ጣሪያ በቤዝቦል የለም። ያለው ቅጣት ነው፤ ለምሳሌ በ2025 የተጫዋቾቹ ደመወዝ ከ241 ሚሊዮን ዶላር ያለፈ ክለብ ከዚያ በበለጠው ገንዘብ ላይ ግብር ይከፍል ነበር። ሀብታሞቹ ከፍለው ያልፋሉ።

ሰው በራሱ ተለውጦ ያውቃል?

ያውቃል። በ1962 ሜትስ ሃሪ ቺቲን ከክሊቭላንድ ወሰደ፤ ምትኩ በኋላ የሚመረጥ ተጫዋች ነው ተባለ። ከ15 ጨዋታ በኋላ የተመረጠው ራሱ ቺቲ ሆነ። መለሱት።

ተጫዋች ያልሆነም ተለውጧል። በ1948 ብሩክሊን የሬዲዮ ዘጋቢ ቸገረው፣ አትላንታ ደግሞ ኧርኒ ሃርዌልን በነፃ አልለቅም አለ። ካቸሩን (ኳስ ተቀባዩን) ክሊፍ ዳፐርን ሰጥተው ዘጋቢውን ወሰዱ። ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት የተያዩት በ2002 ዲትሮይት ውስጥ የሃርዌል ሐውልት ሲመረቅ ነው።

አንድ ሰው በአንድ ጨዋታ ለሁለቱም ቡድን ሊጫወት ይችላል?

በአንድ ቀን ለሁለት ቡድን መጫወት የቆየ ነገር ነው። ኦገስት 4 ቀን 1982 ጆኤል ያንግብለድ ቀን ላይ ቺካጎ ውስጥ ለሜትስ ኳስ መታ። ጨዋታው ሳያልቅ ለሞንትሪያል ተለወጠ። አውሮፕላን ተሳፍሮ ፊላዴልፊያ ደረሰ፣ ማታ ለሞንትሪያል መታ። የመታባቸው ሁለቱም ፒቸሮች፣ ፈርጊ ጄንኪንስና ስቲቭ ካርልተን፣ በኋላ የዝነኞች አዳራሽ ገቡ።

በአንድ ጨዋታ ለሁለቱም የተጫወተው ግን ዳኒ ጃንሰን ብቻ ነው። ጁን 26 ቀን 2024 ለቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ቦስተን ላይ ሊመታ ቆሞ እያለ ዝናብ መጣ። ጨዋታው ተቋረጠ፣ ለኦገስት 26 ተቀጠረ። በመሀሉ ጃንሰን ለቦስተን ተለወጠ። ቀኑ ሲደርስ ጨዋታው ካቆመበት ቀጠለ። የጀመረውን ምት ዳልተን ቫርሾ የሚባል ሌላ ሰው ሊጨርስለት ገባ። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው የቦስተን ካቸር ማን ነበር? ጃንሰን። መዝገቡ ላይ ስሙ በሁለቱም ዓምድ ሰፍሯል። ያን ቀን ያሸነፈው የለቀቀው ክለብ፣ ቶሮንቶ ነው፤ 4 ለ 1።